ሃያ አራቱ የግድግዳ ቃላት

ፈቀደ ዘንድ ካራቴ ልማር ብሎ የመጣ ሰው ሁለት ሳምንት ሙሉ ቡጢ አይሰነዝርም ነበር። ሲሚንቶ ላይ በተነጠፈ ኬሻ ተቀምጦ ግድግዳ ያነባል። ግድግዳው ላይ ሃያ አራት የጃፓን ቃላት በእኛ ፊደል፣ ከነትርጉማቸው ተጽፈው ነበር። የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። ፀሐዩ እባላለሁ፤ አቃቂ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ታፔላ ስጽፍ ኖሬአለሁ። አሁን ባነር የሚያትሙት ልጆች ሥራዬን ስለወሰዱት አልፎ አልፎ ግድግዳ እቀባለሁ። ካራቴ አንድም ቀን ሠርቼ አላውቅም፤ እግሬን ከፍ አድርጌ የማነሳው መሰላል ስወጣ ብቻ ነው። ቃላቱን ግን ከማንም በላይ አውቃቸዋለሁ፤ ቀለማቸው በለቀቀ ቁጥር የማድሳቸው እኔ ነበርኩ።

ስለ ፈቀደ የምጽፈው ሌላ የሚጽፍለት ስለሌለ ነው። ጋዜጣ አያውቀውም፣ ዋንጫ አላመጣም፣ ፎቶው የተሰቀለበት ቦታ የለም። ያም ሆኖ በአቃቂ ሠፈር ጃፓንኛ በሚያወሩ ልጆች ብዛት ተወዳዳሪ አልነበረንም። የባጃጅ ሾፌሮች እንኳ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲተላለፉ በካራቴ ሰላምታ «ኦስ» ይባባሉ ነበር።

አብዛኛው ጀማሪ በሦስተኛው ቀን ይጠፋል። ፊልም አይቶ የመጣው ሊዘልል እንጂ ሊያነብ አይደለማ። «ጋሼ፣ መቼ ነው የምንማታው?» ይሉታል።

«ሃጂሜ ማለት ምንድን ነው?» ይላል እሱ።

«ጀምር።»

«ያሜስ?»

«አቁም።»

«አቁም ስትባል ማቆም ሳትችል ጀምር ብዬህ ምን ላርግህ?» ብሎ ወደ ግድግዳው ይመልሳቸዋል።

በ«ያሜ» ጉዳይ ቀልድ አያውቅም ነበር። ያሜ የተባለ ተማሪ እግሩ አየር ላይ ቢሆን እንኳ እዚያው ይቀራል፤ አፉ ውስጥ ያለውን ጩኸት ይውጣል። ሌላም ደንብ ነበረው። አዳራሹ ውስጥ እጅ ማውጣት፣ «ጋሼ ውኃ ልጠጣ» ማለት የለም። አንድ ነገር የፈለገ ተማሪ ፊቱን ወደ ፈቀደ ያዞርና ቀጥ ብሎ ያየዋል፤ ይጠብቃል። ፈቀደ በአንገቱ እሺ ካለው ያደርገዋል። እሺ ሳይባል ግን አንድ ጣት አይነቃነቅም። ይህን ደንብ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ከጃፓን አይመስለኝም። ፋብሪካ ውስጥ በማሽን ጩኸት መሃል በዓይን ሲነጋገር ከኖረ ሰው የመጣ ይመስለኛል።

ፈቀደ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን መካኒክ ነበር። ካራቴ ያስተማረው ቀጀላ የሚባል የባቡር ሠራተኛ ነው። ቀጀላ ጅቡቲ ወደብ ላይ ከአንድ ጃፓናዊ የመርከብ መካኒክ ተምሮ፣ ባቡሩ አቃቂ ጣቢያ በቆመ ቁጥር ለፈቀደ ያስተምረው ነበር። በዚህ ዓይነት አሥራ አንድ ዓመት ተማረ። በመጨረሻ ቀጀላ የራሱን ጥቁር ቀበቶ ፈትቶ ወገቡ ላይ አሰረለት፤ ወረቀቱን በሚቀጥለው ጉዞ አመጣልሃለሁ አለው። የሚቀጥለው ጉዞ አልመጣም፤ ቀጀላ ድሬዳዋ ላይ ታሞ ሞተ። ፈቀደም ወረቀት የሌለው ባለ ጥቁር ቀበቶ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ፋብሪካው ውስጥ ፈትል የተጠቀለለበት ትልቅ ብረት ግራ ጉልበቱ ላይ ወደቀ፤ ጉልበቱ መታጠፍ ተወ። ተማሪዎቹ «ሴይዛ» ሲባሉ ተንበርክከው ይቀመጣሉ፤ እሱ ብቻ ቆሞ ይቀራል። ሚስት ነበረችው። ከእኔና ከአዳራሹ አንዳችንን ምረጥ ብትለው ዝም አለ፤ እሷም ዝምታውን መልስ አድርጋ ናዝሬት እህቷ ጋ ሄደች። ልጅ አልነበራቸውም። ጡረታ ሲወጣ ከአዳራሹ ጀርባ ካለችው የቀበሌ ክፍል ገባ። ኑሮው ይኸው ነበር፤ ጠዋት ተነስቶ ኬሻ ያነጥፋል፣ ማታ ኬሻ ያጥፋል።

አዳራሹ ድሮ የሠራተኛ ማኅበሩ ነበር፤ በኋላ የወረዳው ሆነ። ልብሱን ሠፈራችን ያለችው ልብስ ሰፊዋ አሰለፈች ከፋብሪካው አቡጀዲ ትሰፋለች። ቢጫውን ቀበቶ እርድ ውስጥ ነክሮ የሚያቀልመው ፈቀደ ራሱ ነው፤ ላብ ሲነካው ልጆቹ ሆዳቸው ቢጫ ሆኖ ወደ ቤት ይሄዱ ነበር። ጥቁር ቀበቶ ግን አንድ ብቻ ሠራ። ፋብሪካው ማቅለሚያ ክፍል ውስጥ በደንብ አፍልቶ ያቀለመው፣ የማይለቅ ነው። ለመጀመሪያው ባለ ጥቁር ቀበቶ ተማሪዬ ብሎ በፌስታል ጠቅልሎ አሥራ አምስት ዓመት አስቀመጠው።

ፈውዚያ የመጣችው በአሥር ዓመቷ ነው። አባቷ አቶ ሙሀመድሰዒድ ከወሎ መጥተው አቃቂ ላይ የጎማና የመለዋወጫ ሱቅ የከፈቱ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ልጅቷን በእጃቸው ይዘው በር ላይ ቆሙና ግድግዳውን ከላይ ጀምረው አነበቡ። የመጀመሪያው ቃል «ሬይ» ነበር። ትርጉሙን «ጎንበስ ብሎ እጅ መንሳት» ብዬ ጽፌዋለሁ።

«ጋሽ ፈቀደ፣ ልጄ ትማርልኝ። ጠንክራ ትውጣልኝ» አሉ። «ግን ለሰው ጎንበስ አትልም። ጎንበስ የምንለው ለአላህ ብቻ ነው።»

ፈቀደ ትንሽ አሰበ። እኔ መሰላል ላይ ነበርኩ፤ ይህን አይቀበልም ብዬ ነበር። ቀጀላ ያስተማረውን አንዲት ፊደል የማይለውጥ ሰው ነው።

«እሺ» አላቸው። «እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች። ቃሌ ነው። እኔ ባለሁበት ማንም ጎንበስ በይ አይላትም።» ተጨባበጡ።

በሳምንቱ አሰለፈች መጣች። የእሷም ልጅ፣ እምነት የምትባለው፣ እዚያው ትማር ነበር። የንስሐ አባታችን ይህን ጎንበስ ቀና አልወደዱትም፣ ለሙሀመድሰዒድ ልጅ ከተፈቀደ ለእኔስ ልጅ ምነው አለች። ፈቀደ ሳቀ። ማግስቱን ሁሉም እጁን ደረቱ ላይ ያድርግ ብሎ አወጀና እኔን ጠርቶ ግድግዳውን አስተካክል አለኝ። ፋቅኩና «ሬይ፦ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ሰላምታ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ማዕተብ ያሰረውም ሒጃብ የለበሰችውም አርባ ልጅ ተንበርክኮ፣ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በአንድ ድምፅ «ኦስ» ሲል ማየት ነበር። እኔ በቀላሉ የምነካ ሰው አይደለሁም፤ ግን አንድ ሁለት ጊዜ ቀለም ዓይኔ ገባ ብዬ ወጥቻለሁ።

ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አለፈ። በዘጠኙ ዓመት ማን ቀረ? አንዱ ወታደር ሆነ፤ ሌላው በኬንያ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። እምነት አግብታ ኮዬ ፈጬ ገባች፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሁለት ሰዓት ቆማ ካራቴ አትመጣም፤ አልፈርድባትም። የቀረችው ፈውዚያ ናት። ከአባቷ ጋር ገላን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ትኖራለች። ቀን አባቷ ሱቅ ትሠራለች፤ ጠዋት በአንድ ሰዓት አዳራሽ ትገባለች። ሒጃቧን አንገቷ ሥር አጥብቃ አስራ ስትራገጥ የአቡጀዲው ድምፅ ከውጭ ይሰማል። ጀማሪዎቹን ቃላት የምታስጠናቸው እሷ ነበረች። ምላሷ ስለታም ነው። «ጋሽ ፀሐዩ፣ የሞኩሶ ‹ሶ› ሆዷ አልተነፋም? ምን አብልተዋት ነው?» ትለኛለች። ሞኩሶ ዓይንን ጨፍኖ ልብን ማሳረፍ ነው። እሷ እያለች ግን ልብ ማሳረፍ አልነበረም።

ባለፈው ዓመት ወረዳው ደብዳቤ ጻፈ። ከእንግዲህ አዳራሽ የሚሰጠው ከታወቀ የካራቴ ኅብረት የጥቁር ቀበቶ ወረቀት ያለው አንድ አሠልጣኝ ላለው ክለብ ብቻ ነው ይላል። ቀነ ገደቡ ስምንት ወር ነው። ፈቀደ ወረቀት የለውም። ልፈተን ቢል ፈተናው ተንበርክከህ ተነስ የሚል ነው፤ ጉልበቱ አይታጠፍም። የቀረው አንድ መንገድ ነው። ፈውዚያ ተፈትና ካለፈች አዳራሹ ይቆያል፣ አስተማሪዋም እሷ ትሆናለች። ካላለፈች ሁሉም ያበቃል።

ለእሷም ቀላል አልነበረም። የአባቷ ሱቅ ተዳክሟል። ጅዳ ያለችው አክስቷ ኡምሰልማ ላስመጣሽ እያለች በየሳምንቱ ትደውላለች። ፈውዚያ ግን መሄድ አትፈልግም። ለሴቶች ብቻ የጠዋት ክፍል እከፍታለሁ፣ ከቄራው መንደር ድረስ ይመጡልኛል ትል ነበር። ክፍሉን የምታስተምርበትን ቀን ሳይቀር መርጣ ነበር፤ ማክሰኞና ሐሙስ።

ስምንቱን ወር ሠሩ። ፈቀደ ቆሞ ይቆጥራል፤ ኢቺ፣ ኒ፣ ሳን፣ ሺ፤ እሷ ትሰነዝራለች። ሰውየውን በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ስምንት ወር ተስፋ አድርጎ አላየሁትም። ፀጉሩን ተቆረጠ። ጥቁሩን ቀበቶ ከፌስታል እያወጣ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ብል እንዳይበላው ነው ይለኛል።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው የኅብረቱ መመሪያ መጣ። መነጽሩ ተሰብሮ ስለነበር አንብብልኝ አለኝ። የመጀመሪያው መስመር ሬይ ነው። ተፈታኙ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ካልነሳ ፈተናው አይጀመርም ይላል። አነበብኩለት። 

«ለልጅቷ አትነግራትም?» አልኩት።

«ምን ብዬ? ለአባቷ ቃል ገብቼ ዛሬ ጎንበስ በይ ልበላት?»

«ጠይቃት ነው ያልኩህ እንጂ እዘዛት አልወጣኝም።»

«እኔ ከጠየቅኳት እሺ ነው የምትለኝ። አዳራሹ እንዳይወሰድ ስትል እምነቷን ትተውልኛለች። እንደሱ ዓይነት ሰንሴይ አልሆንም።» ሰንሴይ አስተማሪ ማለት ነው፤ ግድግዳው ላይ አራተኛው ቃል። «ፈታኞቹን እኔ አስረዳቸዋለሁ። ሰዎች ናቸው፣ ይገባቸዋል።»

እኔ ለልጅቷ መንገር እችል ነበር። የእኔ ጉዳይ አይደለም ብዬ ብሩሼን አጠብኩ።

የፈተናው ዕለት ሦስታችን በሚኒባስ መሃል ከተማ ሄድን። አዳራሹ ትልቅ ነው፤ ወለሉ እንደ ፍራሽ የሚለሰልስ ሰማያዊ ምንጣፍ ለብሷል። ፈውዚያ በጣቷ ተጫን አድርጋው «ጋሽ ፀሐዩ፣ እዚህማ መውደቅ ራሱ ያምራል» አለችኝ። ፈቀደ ፌስታሉን ብብቱ ሥር ይዟል። ቀጥታ ወደ ዋናው ፈታኝ ሄደ። ዘአማኑኤል የሚባል፣ ወደ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ጨዋ ሰው ነው። ፈቀደ ስለ እጅና ደረት፣ ስለ አርባዎቹ ልጆች፣ ስለ ቀጀላም ሳይቀር አስረዳው። ሰውየው አላቋረጠውም።

«ገብቶኛል አባባ» አለው በመጨረሻ። «ግን ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ለአንድ ሰው ብለውጠው ነገ የሁሉንም ወረቀት ይሰርዙብኛል።»

ፈቀደ ተመልሶ አጠገቤ ተቀመጠ። «አባባ አለኝ» አለ። 

ስሟ ተጠራ። ወጥታ ምንጣፉ መሃል ቆመች። ነጭ አቡጀዲዋ ከሌሎቹ የተገዛ ልብስ ጋር ሲተያይ ወፍራምና ሻካራ ነው፤ እሷ ግን ከሁሉም ቀጥ ብላ ቆማለች። ፈታኙ «ሬይ» አለ። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ደግሜ ልበል፤ ሬይ።»

አሁንም እጇ ደረቷ ላይ ነው።

«እህቴ፣ ጎንበስ ማለት አለብሽ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ያለዚያ ልጀምርልሽ አልችልም።»

ያኔ ፊቷን አዞረችና ፈቀደን አየችው። ቀጥ ብላ አየችው።  እሱ በታመመው እግሩ ላይ ተነስቶ ቆመ።

«ያሜ» አለ።

እጇን አወረደች። ለአንድ አፍታ ያለችበት ቀረች፤ ከዚያ ምንጣፉን አቋርጣ ወደ እኛ መጣች። አላለቀሰችም። ስምንት ወር ሠርታ አንድ ቡጢ ሳትሰነዝር ጨረሰች። ፈታኙ ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ጽፎ የሚቀጥለውን ጠራ።

ከስታዲየም ቃሊቲ በሚሄደው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሳሪስን ስናልፍ ፈቀደ «አይዞሽ ልጄ፤ ለአባትሽ የገባሁትን ቃል አላጠፍኩም» አላት።

«እሺ ሰንሴይ» አለች። ከአዳራሽ ውጭ ጋሼ ነበር የምትለው።

በሳምንቱ አባቷ ዘንድ እንሂድ አለኝ። ማስረዳት አለብኝ አለ። ሦስት ፎቅ በዚያ ጉልበቱ እያረፈ ወጣ። አቶ ሙሀመድሰዒድ ተነስተው ተቀበሉን፤ ፈውዚያ ሻይ አቀረበችና የማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ፈቀደ ከመቀመጡ ነገሩን ጀመረ። ፈታኙ ምን እንዳለ፣ ልጅቱ እንዴት እጇን ከደረቷ ሳታነሳ እንደጸናች፣ እሱ እንዴት ያሜ ብሎ እንዳስቆመው ተናገረ። «አዳራሹ ይሂድ» አለ። «ያን ቀን እጅዎን ይዤ ያልኩትን ግን ጠብቄያለሁ።» ፊቱ በርቷል። ፈተናው ከተበላሸ ወዲህ ያን ቀን ብቻ ነው ቀና ብሎ ያየሁት።

አቶ ሙሀመድሰዒድ ብርጭቆውን ወደ አፋቸው አቅርበው ነበር፤ ሳይጠጡ መለሱት። ልጃቸውን አዩ። ፈውዚያ አፏን ልትከፍት ስትል «ፈውዚያ፣ ሻዩን ድገሚላቸው» አሏት። ከዚያ ወደ ፈቀደ ዞረው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «አላህ ይስጥልኝ ጋሽ ፈቀደ። እንደ እርስዎ ያለ ባለ ቃል የለም።»

ስንወጣ አባቷ ፈቀደን ክንዱን ይዘው ደረጃውን ቀስ እያሉ ወረዱ። ፈውዚያ እጄን ያዘችና ደረጃው አናት ላይ አስቀረችኝ።

«ጋሽ ፀሐዩ፣ መመሪያው ስልኬ ላይ ደርሶኝ ነበር» አለች። «አባቢን ጠይቄዋለሁ። ለሰላምታ ብቻ መሆኑን ልብሽ ካወቀ ምን አለበት፣ ያኔ ልጅ ስለነበርሽ ነው ያልኩት አለኝ። ጎንበስ ልል ነበር።»

«ታዲያ ለምን አላልሽም?»

«እሺ እንዲሉኝ አየኋቸዋ። ሳያስፈቅዱ ይደረጋል እንዴ?»

«ቀድመሽ አትነግሪውም ነበር?»

«ዘጠኝ ዓመት ለእኔ ብለው የያዙትን ነገር፣ ጋሼ አያስፈልገኝም እንዴት ብዬ ልበላቸው? እዚያው አያቸዋለሁ፣ በአንገታቸው እሺ ይሉኛል ብዬ ነው።»  «አደራ እንዳይነግሯቸው። አባቢም አሁን ማዕድ ቤት ገብቶ እንዳልናገር አስምሎኛል። የቀረቻቸው ይህች ቃላቸው ብቻ ናት አለኝ።»

እዚያ ደረጃ ላይ ቆሜ ተናደድኩ። በማን እንደምናደድ ግን አጣሁ። እሱ እንዳያስገድዳት ብሎ አልጠየቃትም፤ እሷ እንዳታስቀይመው ብላ አልነገረችውም፤ አባቷ ደስታውን እንዳይነጥቁት ብለው ዋጡት። እኔም ሦስት ሳምንት ሙሉ ብሩሽ ሳጥብ ከረምኩ። አንዳችን አፋችንን ብንከፍት ኖሮ ልጅቷ ጎንበስ ብላ፣ ቀና ብላ፣ ፈተናዋን ትጀምር ነበር። በእኛ አገር በጭካኔ ከሚጎዳው በይሉኝታ የሚጎዳው ይበዛል። ይህን አውቄም ዝም አልኩ፤ አደራ ተብያለሁና።

ፈውዚያ በሁለተኛው ወር ጅዳ ሄደች። ሰው ቤት ነው የምትሠራው። አንድ ጊዜ ስልኬ ላይ በድምፅ መልእክት ላከችልኝ፤ የቤቱን ልጆች ኢቺ ኒ ሳን ማስቆጠር እንደጀመረች፣ እመቤቲቱ ሰምታ እንደከለከለቻት ነገረችኝ። እየሳቀች ነው የነገረችኝ። ሁለተኛ አልላከችም።

አዳራሹ ክብደት ማንሻ ማሽኖች ላለው ሰው ተሰጠ። ግድግዳው በነጭ ቀለም ይቀባ ተባለና ወረዳው እኔን ጠራኝ። ሌላ ሰው ከሚያጠፋቸው እኔ ላጥፋቸው ብዬ ነው የተቀበልኩት ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ሌላ ሥራ ስላልነበረኝ ነው።

የጻፍኳቸው በዘይት ቀለም ስለሆነ ነጩን ብቀባበት እያሳለፉ አስቸገሩኝ። መፋቅ ነበረባቸው። መሰላል አቁሜ ከታች ጀመርኩ። ረፋዱ ላይ ፈቀደ ሳይጠራ መጣ። ኬሻዎቹ ተጠቅልለው ጥግ ቆመዋል፤ አላያቸውም። መሰላሉ አንድ እግሩ ተሰንጥቆ ይወዛወዝ ነበር። ትንሽ ካየው በኋላ ወደ ክፍሉ ሄዶ ፌስታሉን ይዞ ተመለሰ። ጥቁሩን ቀበቶ አወጣና የመሰላሉን እግር ጠቅልሎ፣ ቀጀላ እንዳስተማረው አድርጎ ቋጠረው። ጠንካራ ነው፤ መሰላሉ መወዛወዙን ተወ።

«ውጣ፣ ይዤልሃለሁ» አለኝ።

አንድ በአንድ ፋቅኋቸው። ኦቢ የሚለው፣ ቀበቶው፣ ሄደ፣ ሰንሴይ ሄደ፣ ሞኩሶ ከነሆዷ ሄደች። ያሜም ሄደች። ቁርጥራጩ ቀለም ራሱ ላይ ሲወርድ አያራግፈውም፤ መሰላሉን በሁለት እጁ እንደያዘ ነው። እኩለ ቀን ላይ ሬይ ብቻ ቀረች፤ ከሁሉም በላይ የተጻፈች ነች።

«ፀሐዩ» አለኝ ከታች።

«አቤት።»

«ያን ቀን ዞራ ስታየኝ ምን ፈልጋ ይመስልሃል?»

ሬይን ፍቄ ልጨርስ ነበር፤ መፋቂያው እጄ ላይ ቆመ። ደንቡን ያወጣው እሱ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያን አስተያየት በቀን መቶ ጊዜ አይቶ በአንገቱ እሺ ሲል የኖረው እሱ ነው። ወደ ታች ብመለከት ፊቴ ላይ ያነበዋል ብዬ ግድግዳውን እንዳየሁ ቀረሁ።

«እንድታስቆምላት ነዋ» አልኩት።

 መሰላሉ ሲንቀጠቀጥ በእግሬ ይሰማኛል።

«እኔም እንደሱ ነው የመሰለኝ» አለ። ከዚያ ወደ ላይ እያየ፣ «የሬ ቀለበት ቀርታለች፤ እሷንም ፋቃት» አለኝ።